አምስት ሊትር ጠበል

ጠበል የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ያወቅሁት ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አንደኛውን ትርጉም ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን የተማርኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ሜዳ ላይ ቆሜ ነው። ቤንዚን በጠፋበት በዚህ ጊዜ፣ ከማደያ ውጭ በስውር የሚሸጡት ሰዎች ስሙን አይጠሩትም። በስልክ «ጠበል ደርሷል» ይባባላሉ። «ስንት ሊትር ጠበል ላስቀምጥልህ?» ይላሉ። ሰሚ ቢሰማ ሰውየው ለጤናው ተጨንቆ ነው ብሎ ያልፋል። የቱ ብልህ እንዳወጣው አላውቅም። እኔ ግን ይህን ሳልሰማ ነው እንግዲህ አንድ ማለዳ ቢጫ ጀሪካን ከሞተሬ ኋላ አስሬ ከጎንደር የወጣሁት።

ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው እውነተኛው ጠበል ነው። ለታላቅ እህቴ ነበር የምወስደው።

እህቴ ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ባለች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። የግራ እግሯ ጣቶች አጠገብ የወጣች ቁስል ሦስት ሳምንት ሙሉ አልድን ብላ፣ እግሩ አብጦ፣ ቆዳው መጥቆር ጀምሮ ነበር። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ሰው አይቷት «ይህ የስኳር ቁስል ይመስላል፣ ጎንደር ሆስፒታል ይሂዱ» አላት። አልሄድም አለች። እኔ ሄጄ ለመንኳት። ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፦ ሰባት ቀን የማርያምን ጠበል ትጠጣለች፤ ሰባቱ ሲሞላ ያለ አንዳች ቃል ሆስፒታል ትሄዳለች። ሰባት ማለት ደግሞ እሷ ዘንድ ሰባት ነው። በመካከሉ አንድ ቀን ከተዘለለ የቀደመው ሁሉ ይፈርስና እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በባዶ ሆድ መጠጣት አለበት፤ ከቀትር ካለፈም ቀኑ አይቆጠርም።

በስድስተኛው ቀን ወደ ማታ ደወለችልኝ።

«ጠበሉ አልቋል» አለችኝ። «ጥጃዋ ገብታ ጀሪካኑን ገፍታ ደፋችው።»

«ሁሉንም?»

«ጠብታ አልቀረም፣ ወንድም ዓለም። ምን ይደረግ። ሌላ ሰባት እጀምራለሁ።»

የጤና ጣቢያው ሰውዬ ለኔ በስልክ የነገረኝን እሷ አታውቅም። «አባቴ፣ ሳምንት አትጨምሩባት፤ ሳምንት ከጨመራችሁ እግሯ ላይተርፍ ይችላል» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ «ነገ ከቀትር በፊት ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እህል እንዳትቀምሺ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ወርጄ ከማርያም ጠበል ቀዳሁ። እኔም ምንም አልቀመስኩም። እናታችን ለሕመምተኛ ጠበል የሚወስድ ሰው ራሱ ጾሞ ነው የሚሄደው፣ በመንገድም ክዳኑን አይከፍትም ትል ነበር። እሷ ካለፈች ብዙ ዘመን ነው፤ ያለችውን ግን እንደያዝን አለን።

ስለ ሞተሬ ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ተላላኪ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ሞተር መንዳት አስተምረውኝ ደብዳቤ በየወረዳው አደርስ ነበር። ጡረታ ስወጣ ያችኑ ስነዳት የኖርኩትን ሞተር በጨረታ ገዛኋት። አርጅታለች፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ እንተዋወቃለን። ስታስል ምን እንደጎደላት አውቃለሁ።

ከከተማው መውጫ ላይ ገመድ የዘረጉ ጠባቂዎች አስቆሙኝ። አንደኛው ጀሪካኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«አያ፣ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው።»

ወደ ጓደኛው ዞሮ ፈገግ አለ። «ሰማህ? ጠበል ነው ይላሉ። አያ፣ እርስዎም ጀመሩት?»

«እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አልኩት።

ሁለቱም ሳቁ። ምን ያስቃል አልኩ በልቤ። «እንዲያው ይህን በመሰለ ሽበት ምን ይባላል፣ ይለፉ» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። ሲስቁብኝ እንጂ ሲስቁልኝ አልመሰለኝም። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በመስታወቴ እያየኋቸው ሄድኩ። እነሱም ያዩኝ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስን ሳልፍ ፀሐይዋ ወጣ ብላ ነበር። የወገራ ሜዳ ማለዳ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ገብሱ ታጭዷል፣ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ሰውም ከሩቅ ያይሃል። በዚህ ዘመን ይህ ሸጋ ነገር አይደለም። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ስንቱ ነው ከመንገድ ተወስዶ ቤተሰቡ ያለውን የሸጠለት። ስለዚህ ሳልቆም ለመሄድ አስቤ ነበር። ሞተሬ ግን ሳል ጀመራት።

ከታንከሩ ስር ያለችውን የነዳጅ መክፈቻ ወደ ሪዘርቭ፣ ወደ መጠባበቂያዋ፣ አዞርኩ። ትንሽ ተሻላት፣ እንደገና አሳላትና ጸጥ አለች። ወርጄ የታንከሩን ክዳን ከፍቼ ነቀነቅኩት። ድምፅ የለም። ሦስት ቀን አይሆነኝም ከማደያ ተሰልፌ ሞልቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ደርሼ ከመመለስ በቀር የትም አልሄድኩም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ወደ ኪራይተኛዬ ሄደ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራይቻለሁ። ትሑት ነው፣ ሲያየኝ ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ያለፈው ሳምንት ግን በሩ ላይ ክንድ የምታህል ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተንጠልጥላ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ምንም አላልኩም። አሁን ባዶ ታንከር ውስጥ እያየሁ ያች ቱቦ አንደኛው ጫፏ ከታንከሬ፣ ሌላኛው ጫፏ ከሱ ጠርሙስ ሆና ታየችኝ። ያ ሁሉ ጎንበስ ማለት ለካ ለዚህ ኖሯል አልኩ።

ሞተሯን ወደ ግራ ጎኗ አጋደምኳት። ታንከሩ መካከሉ ጉብ ያለ ስለሆነ በማዶ በኩል የቀረች ነዳጅ ካለች ተሻግራ ትመጣለች። መጣች። አንድ እርሻ ያህል ወሰደችኝና እንደገና ጸጥ አለች። ከዚህ በኋላ መግፋት ነው።

ከኋላዬ ሚኒባስ መጣ። እጄን ዘረጋሁ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ፊቴን አየ፣ ጀሪካኑን አየ።

«አባት፣ ሞተሩን ለሰው አደራ ሰጥተው ይግቡ» አለኝ በመስኮት። «ጀሪካኑ ግን አይገባም።»

«ጀሪካኑ ነው መግባት ያለበት። ጠበል ነው።»

«አውቃለሁ ጠበል መሆኑን። ያለፈው ወር ጠበል ጭነሃል ተብዬ መንጃ ፈቃዴን ተቀብለውኛል።» ይህን ብሎኝ ሄደ።

ጠበል ጭኖ መንጃ ፈቃድ የተነጠቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አገሩ ሃይማኖቱን ለወጠ እንዴ ብዬ እያሰብኩ ስገፋ፣ ከፊት ለፊቴ አሮጌ ጎማ በእንጨት ላይ የተሰቀለባት ቆርቆሮ ቤት ታየችኝ። ጎሚስታ ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ምስር ትለቅማለች።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

«አብሮ ይስጥልን፣ አያ። ተነፈሰብዎ?»

«ጎማውስ ደህና ነው። ቤንዚን አለቀብኝ። እዚህ አካባቢ የሚሸጥ ይኖር ይሆን?»

እጁ ሥራውን አቆመ። «ቤንዚን?» አለ፣ ስሙን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው። «ቤንዚን ማደያ ነው ያለው።»

«ማደያውስ የት ነው?»

«ጎንደር።»

«ከጎንደር ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው አልፈውታል።»

ሚስቱ ምስሩን እየለቀመች ሳቋን ዋጠች። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ዓይኑ ጀሪካኑ ላይ ነበር። ዓይኑን ሳይ እኔም ሳላስበው እጄን ጀሪካኑ ላይ ጣልኩ።

«ያ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጠበል።»

ሚስቱ ቀና አለች። «ከየት የመጣ ነው?»

«ከማርያም ነው፣ እቴ።»

«ያለፈው ውሃ ነበረበት» አለች።

«አንቺ፣ ዝም በይ» አላት ባሏ።

እኔ ደግሞ ተገረምኩ። «ጠበል ውሃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አልኳት።

ሰውዬው መዶሻውን አስቀምጦ፣ እጁን በካፖርቱ ጠርጎ ተነሣ። በእኔና በሞተሬ መካከል መጥቶ ቆመ። አሁን ሳስበው ሰውዬው እውነት ነበረው፤ በሱ ጆሮ እኔ አምስት ሊትር ቤንዚን ተሸክሜ ቤንዚን የምለምን ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን የታየኝ መንገዴን የዘጋ ትልቅ ሰው ብቻ ነበር።

«አያ፣ ልንገርዎ» አለኝ በቀስታ። «አምስት ሊትር ጠበል ከኋላዎ ጭነው ቤንዚን አለቀብኝ ካሉ፣ ወይ ቂል ነዎት ወይ የላከዎ ሰው አለ። ቂል አይመስሉኝም።»

«ማን ይልከኛል?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

«እህቴ ናት የላከችኝ።»

«እህትዎ የት መሥሪያ ቤት ናት?»

«ምን መሥሪያ ቤት ትገባለች፤ እግሯን ታማ ተኝታለች።»

«ይክፈቱትና ላሽትተው።»

«አይከፈትም» አልኩት።

ባልከፍተው ጥርጣሬው እውነት እንደሚሆንለት አልገባኝም። ለኔ ደግሞ የማላውቀው ሰው የሕመምተኛ ጠበል ካልከፈትህ ሲለኝ ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ። ምን ሊጨምርበት ነው? ምን ሊያስነካው ነው? ገመዱን ፈትቼ ጀሪካኑን ደረቴ ላይ ታቀፍኩት። እሱም ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ራቅ አለ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ነፋሱ ወደኔ ነበር።

«አንድ ሽማግሌ መጥቷል... አላውቀውም... አዎ፣ ብቻውን ነው። ሞተር አለው... እሺ፣ እዚሁ አቆየዋለሁ።»

ብቻውን ነው። ሞተር አለው። አቆየዋለሁ። ይህን ዓይነት ስልክ ስንቱ ሰምቶ ነው የቀረው። ሜዳውን ዞር ብዬ አየሁት፤ ለመሮጥ ዕድሜዬ አይሆንም፤ ለመጮህም ሰሚ የለም። አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጀሪካኑን እንደታቀፍኩ። ሴትዮዋ ዓይኗን አልነቀለችብኝም። እሷም ምስሩን ረስታዋለች።

በዚህ መካከል የኔ ስልክ ጮኸ። ጆሮዬ ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ወደ ውጭ አድርጌ ነው የማናግረው። የእህቴ ድምፅ ሜዳው ላይ ተሰማ።

«የት ደረስክ?»

«አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ቆሜያለሁ። ቤንዚን አለቀብኝ።»

«ጠበሉስ?»

«እጄ ላይ ነው። አልተከፈተም።»

«እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም።»

«ወንድም ዓለም፣ ተወው ግዴለም። ፀሐይዋም ወደ አናት እየመጣች ነው። ሰባቱን እንደገና ከአንድ እጀምረዋለሁ። የማርያም ፈቃድ እንዲህ ሆኖ ነው። አትልፋ፣ ተመለስ።»

«እስከ ቀትር ጊዜ አለ። ጠብቂኝ» ብዬ ዘጋሁት። ድምፅዋ ሐዘን አልነበረበትም። ትዕግሥት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉ ጥርጣሬዬ ውስጥ እሷ ላይ የደረሰ አልነበረም።

ቀና ስል ሴትዮዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ራሷን ተከናንባለች።

«አንተ» አለችው ባሏን። «ሰባት ትላለች እኮ። የእውነት ጠበል ነው የያዙት።»

«በስልክ ማንም ምንም ይላል» አለ እሱ።

«የእውነት ማለትሽ?» አልኳት። «የሐሰት ጠበል አለ?»

ፊቷ ቀላ። «አያ፣ እኛ ዘንድ ጠበል የምንለው... ሌላ ነው» አለችና በእጇ ወደ ሞተሬ ታንከር አመለከተችኝ።

ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ የጠባቂዎቹ ሳቅ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ ውሃ የነበረበት ጠበል፣ ሁሉም እየመጣ ቦታ ቦታውን ያዘ። እኔም ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ቤንዚን ስመሰክር መዋሌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ማለቴም ትዝ አለኝ።

ሰውዬው ገና አላመነም። ጠልቶኝ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት አንድ ደግ የመሰለ ሰው ቤንዚን ለምኖት ሰጥቶት፣ ያ ሰው ለጠባቂዎች ጠቁሞ ያለውን ሁሉ አስወስዶበት ነበርና ነው። ይህን የነገረኝ በኋላ ነው። እናቴ፣ ይቅር በይኝ አልኩና ክዳኑን ፈታሁ። በግራ መዳፌ ትንሽ ቀዳሁ፣ አማትቤ ጠጣሁት። በቀረችው ፊቴን አበስኩ። ሰውዬው ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ፣ ቀና አለ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ስልክ የደወልክለት ማን ነው?» አልኩት፣ ቆይቼ።

«ወንድሜ ነው። ቤንዚኑ ያለው እሱ ዘንድ ነበር። ለርስዎ ልስጥ አልስጥ ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

«አቆየዋለሁ ስትል ሰምቼሃለሁ።»

«እስኪያመጣልዎ ላቆየዎ ነው እንጂ፣ አያ።» አየኝና ገባው። «ምን መሰልኩዎ?»

የጀሪካኑን ክዳን አጠበቅሁ። እሱም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሴትዮዋ ናት የገላገለችን፤ ከቤት ጣሳ ይዛ ወጣች። ወገቧን ከወሊድ ወዲህ እያመማት እንደሆነ፣ ከማርያም ጠበል ትንሽ ብሰጣት ብላ ለመነችኝ። ለእህቴ የሚያስፈልጋት አንድ ኩባያ ነው፤ ሞልቼ ሰጠኋት። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ከምስሩ ርቃ አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ ያንን ሌላውን ጠበል ብለህ ስትጠራው እንዳልሰማ» አለችው ባሏን።

«ምን ልበለው ታዲያ?»

«አተላ በለው።»

ወንድምየው በሁለት ጠርሙስ ቤንዚን ይዞ በእግሩ መጣ። አሁን ተራው የኔ ነበር። ቀኝ መዳፌ ላይ አንድ ጠብታ አድርጌ ነፋስ ላይ ዘረጋሁት። ጥሩ ቤንዚን ይበርዳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ቅባት ይተዋል። ጎሚስታው እጁን አጣምሮ አየኝ።

«አያ፣ አሁን እርስዎ ደግሞ እኔን ይጠረጥራሉ?»

«ሞተሯ ናት የምትጠረጥር። አርጅታለች።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ሞተሯን ሊያጋድምልኝ ጎንበስ ሲል ግን ሳቁን አቁሞ ጣቱን ከታንከሩ ስር ሰደደ። ከመክፈቻው ወደ ሞተሩ የሚወርደው ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ስር ስሩን እያለ መንገድ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው የኖረው፤ ሞተሩ ጎን ላይ ያለው አቧራ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል። የጎማ ውስጠኛ ቁራጭ ቆርጦ ጠምጥሞ አሰረልኝ። ኪራይተኛዬ ተማሪው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጎነበስልኝ እኔም ትንሽ ጎንበስ እላለሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ስለ ቱቦዋም አልጠየቅሁት።

ሒሳብ ብል ሴትዮዋ በጠበሉ ይሁን አለችኝ። ሄድኩ።

እህቴ መንደር ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። እህቴ በሩ ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ፊቷ አልበራም።

«ደረስክ?» አለች።

«ደረስኩ። ኩባያ የት አለ?»

«እዚሁ በር ላይ አስቀምጠው። እኔ ገብቼ አመጣለሁ።»

«በየትኛው እግርሽ ነው የምትገቢ፣ እትዬ? ቁጭ በይ።»

«አልኩህ እኮ እኔ አመጣለሁ።»

ገባሁ። ቤቱ ከውጭው ብርሃን በኋላ ጨለመብኝ። ጀሪካኔን ጥላ ቦታ ላይ ላስቀምጥ ብዬ ከጎታው ኋላ እጄን ስሰድ ነጠላ የተጠቀለለበት ነገር ነካሁ። ገለጥኩት። ሌላ ቢጫ ጀሪካን ነው። ከስድስት ቀን በፊት ራሴ ያመጣሁላት። ነቀነቅኩት፤ ከግማሽ በላይ አለ። አጠገቡ ኩባያ ተደፍቷል፤ አነሣሁት፣ ውስጡ ርጥብ ነው። መደቡ ላይ ቂጣ የተቆረሰበት ሰፌድ አለ።

ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁ። አየችውና ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች።

«ጥጃዋ የደፋችው ይህ ነው?» አልኳት።

«ጥጃዋን ተዋት።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የምናገረው ነገር ቢኖረኝም ከሜዳው ላይ ያለው ድካም ሁሉ አሁን መጣብኝ።

«ልደፋው አስቤ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በሩ ድረስ አወጣሁት። ጠበል መሬት ላይ እንዴት ይደፋል? እጄ እምቢ አለኝ። ከጎታው ኋላ ሸሸግሁት።»

«ዛሬስ ጠጣሽ?»

«ማለዳ።»

«እንግዲያው ሰባቱ ሞልቷል።»

«ለእግዚአብሔር ሞልቷል» አለች። «ላንተ ግን አልሞላም ልል ነበር።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ቁጣው አልመጣም። ከእሷ በቀር ያልጠረጠርኩት ሰው እንዳልነበረ ብነግራት ይስቃት ነበር፤ አልነገርኳትም።

«ምነው እንዲህ አደረግሽ?»

«ይቆርጡታል።» እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ታች ያለችው ጎረቤቴ ቁስል ይዛ ሄዳ በክራንች ተመለሰች። ምን እንደሚሠሩ ሳታውቅ ነው አሉ፣ ተኝታ ስትነቃ እግሯ የለም። እኔ ከዚህ ቤት እስከ ወንዙ በእግሬ ካልሄድኩ ማን ውሃ ይቀዳልኛል? አንተ ጎንደር ነህ።»

«እንዳይቆርጡት ልማልልሽ አልችልም» አልኳት። ይህን ሳልላት ልዋሻት እችል ነበር። ግን ያን ቀን የተባለው ሁሉ ሁለት ትርጉም ሲሆን ስለዋለ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ነገር ልናገር ፈለግሁ። «የጤና ጣቢያው ሰው ሳምንት ከጨመርን ላይተርፍ ይችላል ብሎኛል። አሁን ከሄድን ሊተርፍ ይችላል። ሳይነግሩሽ ግን አይነኩትም። በሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

«የትም አትሄድም?»

«የትም አልሄድም።»

«ለሽንትም?»

«ለሽንት ሌላ ሰው አስቆማለሁ።»

ዓይኔን ፈልጋ አየችኝ፤ ልጅ ሆነን ስዋሻት እንደምታየኝ። ከዚያ ያመጣሁትን ጀሪካን ወደሷ ሳበችና ክዳኑን ፈታ አሸተተችው። «ይህስ ለምን ጎደለ?» አለች። ስለ ጎሚስታው ሚስት ወገብ ነገርኳት። «ለሷማ ሸጋ አደረግህ» አለችና ለመነሣት እጇን ዘረጋችልኝ።

ሞተሯን ከጥጃዋ ጋር ትተን፣ ጎረቤቶች እህቴን በወሳንሳ ተሸክመው እስከ መንገዱ አድርሰውልን፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በመኪና ጎንደር ገባን።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። እህቴ ሐኪሟን ከላይ እስከ ታች ስታያት ከቆየች በኋላ ነጠላዋን ከገዛ እግሯ ላይ ገለጠች።

«ልጄ፣ ሁለት እግር ይዤ ነው የገባሁት» አለቻት። «ቆጥረሽ ተረከቢኝ።»

ሐኪሟ አልሳቀችባትም። ጎንበስ ብላ ጉልበቶቿን በየተራ ነካቻቸው። «አንድ፣ ሁለት» አለች። «ተረክቤያለሁ፣ እማማ። ከዚህ የሚወሰድ ነገር ካለ ግን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ሐኪሟ መጥታ የነገረቻት ስለ ትንሿ ጣት ነበር። የጣቷ አጥንት እስከ መቅኒው ተበላሽቷል፣ እሷን ካላነሣን ወደ ላይ ይወጣል አለች። እህቴ ቀኑን ሙሉ አሰበችበት፤ ማታ ላይ እሺ አለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሲያስገቧት እጄን ያዝ አድርጋ «ሌላ ጣት ሲነኩ ካየህ ጩኽ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ፤ ምንም አላየሁም፤ ግን አልተነቃነቅሁም።

አሁን በእግሯ ወንዝ ትወርዳለች። ትንሽ ወደ ግራ ታነክሳለች። ሰው ሲጠይቃት፣ ሐኪሟን ታመሰግንና ጣቷን ያስወሰድኩባት እኔ እንደሆንኩ ትናገራለች። በሩ ላይ ተቀምጬ ነበርና አልከራከራትም።